ሳጥኗ ያልቻለችው እጅ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ቅንጣት ውሸት ከተገኘበት ምላሴ ይታሰር። ምስክር የሚፈልግ ካለም፣ የጊታር ተጫዋቹ የነጎድጓድ ሚስት እዚያው ክፍል ውስጥ ቆማ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

ነጎድጓድ የጊታሩን ክር አንድ ጊዜ ሲመታው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጣሪያው ላይ ያረፉት እርግቦች ተነስተው እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ድምፅ መቀበያ ሳጥን፣ የጊታር ፕሮሰሰሯም፣ ድምፅ ሲበዛባት የምታበራውን ቀይ መብራቷን ቦግ አደረገች። ከሄድፎኑ የወጣው ድምፅ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር።

«ይኸው! አሁንም ቀላች!» አለ።

«ቀስ በል እንጂ አባዬ» አለች ልጁ ሄድፎኑን ካንድ ጆሮዋ ላይ እየገፋች። ዘፈኑ የሷ ነው፤ የመጀመሪያዋ። ሌላው ሁሉ አልቆ የጎደለው የአባቷ ጊታር ብቻ ነው። አሳታሚው ደግሞ ዛሬ ሳይመሽ ካልደረሰኝ ቦታውን ለሌላ ሰጠሁ ብሏታል። ነጎድጓድ በዚህ ዘፈን ውስጥ ካልገባ ከእንግዲህ ለጊታር የሚጠራው ሰው እንደሌለ ልቡ ያውቃል፤ አፉ ግን አያውቅም።

«ቀንሼዋለሁ እኮ! ምን ላድርጋት?»

«የቀነስከው መውጫውን ነው። ድምፁ የሚሰበረው መግቢያው ላይ ነው። ሶፋው በር ላይ ተሰንቅሮ ሳለ ሳሎኑን ብታሰፋ ምን ዋጋ አለው?»

«ታዲያ በሩ ይሰበራ! ስንት አዳራሽ ያርገፈገፈ እጅ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ዕቃ ይለማመጣል?» አለና፣ በጎልማሳነቱ አንድ መድረክ ላይ ሲጫወት ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ፀጉር በድምፁ ኃይል ወደ ኋላ ተኝቶ እንደቀረ፣ ዛሬም በዚያው አበጣጠር የሚሄዱ እንዳሉ አስታወሳቸው። ሚስቱ ውሃ እፍ አለችና ኮሌታውን ተኮሰች።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የመግቢያውን ማዞሪያ ነካካች። «እሺ፣ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»

ጀመረ። የዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ጣቶቹ በለሆሳስ ሄዱ፤ አረንጓዴዎቹ መብራቶች ብልጭ ብልጭ አሉ። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ግን ክንዱን ከትከሻው አንስቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው አወረደው። ቀይ።

«ወይ አበሳዬ!»

«እንደገና አባዬ። አሁንም ዝቅ አድርጌዋለሁ።»

ቀይ። ኬብሉን ቀየረ፤ ቀይ። ወንበሩን ቀየረ፤ ቀይ። ሳጥኗን የሠሩትን ሰዎች ከነአያት ቅድመ አያታቸው ተሳደበ፤ ይብስ ቀላች። በመጨረሻ ዓይኑ ካውያው ላይ አረፈ።

«አንቺ ሰው፣ እሱን ንቀይልኝ! እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው!»

«እሺ» አለችና ነቀለችው። ነጎድጓድ ደግሞ መታ። ቀይ። ካውያው በነፃ ተለቀቀ፤ ሸሚዙ ግን እጅጌው ሳይተኮስ ቀረ።

ልጅቷ ሄድፎኑን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እየቀላ ነበር። ሊመሽ መሆኑን አይታ ተነፈሰች።

«አባዬ፣ ስማኝማ። ሳጥኗ አልቻለችህም። ጉልበትህ ካቅሟ በላይ ነው። የጊታሩን ቦታ በኪቦርድ ልሙላውና ልላከው።»

«አላልኩሽም!» አለ ነጎድጓድ ደረቱን ነፍቶ። «እኔን የሚችል ዕቃ ገና አልተሠራም! ገና አልተፈጠረም!» ሳቀም። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ደከመው፤ ጊታሩንም ከጉልበቱ ላይ አላወረደም። ድል እንዲህ እንደሚመር ማን ነግሮት!

ሚስትየው ያልተተኮሰውን እጅጌ በመዳፏ ደልደል አደረገች።

«ወደ ላይ ነበር የምታዞሪው» አለች በቀስታ።

«እማዬ!»

«ዝቅ አደረግኩት ትያለሽ፣ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። እንዳይከፋው ብለሽ ነው፣ ገብቶኛል።» ወደ ባሏ ዞረች። «መስኮትም አልተንቀጠቀጠ፣ እርግብም አልተነሳ። ከመሰላል ወድቀህ እጅህ ከተሰበረ ወዲህ የጊታርህ ድምፅ ስለማይሰማ ነው ልጅህ ከፍ የምታደርገው። ሳጥኗ የምትቀላውም ክሩን በእልህ ስትደበድበው ብቻ ነው።»

«አንቺ ደግሞ፣ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ…»

«የጎረቤቱን ተወው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አይደርሰኝም። መጫወት ስትጀምር በሩን ከፍቼ ነው የምሰማህ። ቀስ ስትለው ያምራል።»

 ነጎድጓድ አውራ ጣቱን በቀስታ ክሩ ላይ አሳረፈ። ልጅቷ ማዞሪያውን ከፍ እንዳለ ተወችውና፣ ልትቀዳው ሄድፎኗን ቀስ ብላ መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች።