የቀኙ ሞለኪውል

«እስቲ ሞለኪውሉን ከፍ አድርጊና አሳዪን» ይላሉ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ከኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በፈረንሳይኛ። ልጄ የምስራች በዘንግ የተያያዙትን የፕላስቲክ ኳሶች አንስታ ካሜራው ፊት ትይዛለች። ወዲያው ፊቷ አመድ ይመስላል።

እኔ ከካሜራው ውጪ፣ ጥጉ ላይ ተቀምጫለሁ። ሚስቴ ዓይናለም «ትንፍሽ ብትል ውርድ ከራሴ!» ብላኛለች። የፈረንሳይ ቪዛዋ ስለዘገየ፣ ልጃችን የዶክትሬት ጥናቷን ለፈታኞቿ የምታቀርበው እዚሁ ከሰፈራችን ከካርቲየ 1፣ ከገዛ ሳሎናችን ነው። የአራት ዓመት ልፋት ነው። ዛሬ ከወደቀች... አፌን ቁርጥ ያድርገው!

ጥናቱን እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፤ ስንቴ አስረድታኛለች። አልኬን የሚባል ነገር አለ፤ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ተያይዘውበታል። አንዱን ማያያዣ ፈትተው ሌላ ነገር ሲያስገቡበት፣ የሚገኘው ሞለኪውል እንደ ጫማ ወይ ቀኝ ነው ወይ ግራ። ቀኙ መድኃኒት ይሆናል፤ ግራው አይረባም። ዝም ብለው ከተዉት ሁለቱም እኩል ይመጣሉ። የኔ ልጅ ግን ካታሊስት ሠራች። ካታሊስት ማለት ደላላ ነው፤ መሀል ገብቶ ያገናኛል፣ ከራሱ ግን ምንም አይጎድልበትም። የሷ ደላላ ከመቶው ዘጠና ሰባቱን ቀኝ ያደርጋል።

ቀዩ ኳስ በቀኝ ከሆነ ቀኝ ነው ብላኛለች። ስክሪኑ ላይ ግን ቀዩ ኳስ በግራ ነው! እሷም ያየችው ይህንኑ ነው።

«ማድሞዋዜል?» ይላሉ ፕሮፌሰሩ። ሞለኪውሉን ልትገለብጠው ነው።

ኧረ ተይ! እኔ እኮ ወደብ ላይ ዕቃ አስፈትቼ የማስጭን ትራንዚተር ነኝ። ለሾፌሮች በቪዲዮ የኮንቴይነር ቁጥር ሳሳይ፣ በኔ ስልክ ላይ ቁጥሩ ሁልጊዜ ተገልብጦ ይታየኛል። «ኧረ ተገለበጠ» ስላቸው «ኪዳን፣ ለኛ ደህና ይነበባል፣ ጫትህን ቀንስ» ይሉኛል። ጫት ደግሞ በአፌ ዞሮ አያውቅም!

ብድግ እላለሁ። ዓይናለም ሸሚዜን ጨምድዳ ትይዛለች። እኔም ከልጄ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር፣ ከዚያ ስክሪኑን እጠቁማለሁ። የምስራች ስክሪኑ ውስጥ የካላንደሩን ፊደሎች ታያለች። ሁሉም ተገልብጠዋል።

ትስቃለች። ልጄ ትስቃለች!

«ይቅርታ፣ ለኔ የሚታየኝ እንደ መስታወት ነው። እናንተ ዘንድ ቀዩ በቀኝ ነው አይደል?»

«በቀኝ ነው፤ ትክክል ነሽ» ይላሉ ፕሮፌሰሩ፣ እሳቸውም እየሳቁ።

ፈታኞቹ ሊመክሩ ይወጣሉ። ዓይናለም ሸሚዜን አሁንም አልለቀቀችም። ሲመለሱ ሽማግሌው ይቆማሉ፤ ስሙን በፈረንሳይኛ አፋቸው እየታገሉት፣ «ዶክተር የምስራች ኪዳን» ይላሉ።

ሃያ ስምንት ዓመት ወደብ ላይ ስሜ ሲጠራ የሚከተለው «ቶሎ በል!» ነበር። ዛሬ የተከተለው የዓይናለም እልልታ ነው።