የተቆለፈው በረንዳ

ሌላ ሰፈር አንድ በረንዳ ከነሰዎቹ ከተደረመሰ ወዲህ፣ ፎቅ ቤት የሚኖር ሁሉ ልብስ ለማስጣት እንኳ ፈራ ተባ እያለ ነበር የሚወጣው። ተቆጣጣሪው የተላከውም ለዚሁ ነው፤ የሕንፃውን በረንዳዎች አይቶ የማያስተማምነውን እንዲያሽግ።

ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ወለሉን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል። ልስኑ ተልጦ የዛገ ፌሮ ብቅ ብሎ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል። በመጨረሻ የመከለያውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወዘውዘዋል። የታችኞቹን ፎቆች እንዲህ ጨረሰ። እዚህ ስንጥቅ፣ እዚያ የላላ ብየዳ፤ የከፋ ነገር አልነበረም።

የቀረው ከሁሉም በላይ ያለው ቤት ነው።

«እዚያ እንኳ የሚከፍትልዎት የለም» አለ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አብሮት ደረጃውን እየወጣ። ጎረቤቶቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ግን አልሆነለትም። «ልጅቷ እናቷን ቆልፋባቸዋለች። እሷ ከመጣች ወዲህ አሮጊቷ በረንዳ ወጥተው ፀሐይ ሞቀው አያውቁም። ቤቱ እኮ የእናትየው ነው። ልጅት ደግሞ ዓይኗን ጥላበታለች። ብቻ... ሆድ ይፍጀው።»

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት። እንቅልፍ ከተኛች የሰነበተች የምትመስል፣ ጎልማሳ ሴት። ክንዷ ላይ ጥፍር የቧጠጠው ይታያል። ከበሩ ጫፍ፣ የአሮጊት እጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ተገጥሟል። ተቆጣጣሪው ሁሉንም ልብ አለ።

«የእኛን ይለፉት» አለች። «አደገኛ ነው ብለው ያሽጉልን፤ በቃ።»

«ሳላየው?»

«ማነው እሱ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ?»

እናትየው ሳሎን ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው በወጉ ተበጥሯል፣ የጫማቸው ማሰሪያ ታስሯል፣ ቦርሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ግባ ልጄ። ጭቃው አላስቸገረህም?»

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር። ተቆጣጣሪው ሳቀ። «ያስቸገረኝስ ደረጃው ነው እማማ።»

«ደረጃና አማት ውሎ አድሮ ይለመዳል» አሉ። ሬዲዮ በር ላይ እንደቆመ ከት ብሎ ሳቀ። አሮጊቷም ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ጎንበስ አሉ። «ይልቅ ይቺን ሴትዮ አንድ በልልኝ። ትንሽ ወጣ ልበል ባልኩ፣ ቆልፋ አስቀመጠችኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ቁልፉን አምጪ፣ እህቴ» አላት ተቆጣጣሪው።

«እባክዎ፣ አንዴ ማድ ቤት ይምጡና ለብቻ ላነጋግርዎት።»

ማድ ቤቱ ከትከሻዋ በላይ ይታየዋል። የምድጃው ማዞሪያዎች ሁሉ ተነቅለዋል። ሻይ እንኳ አፍልተው እንዳይጠጡ መሆኑ ነው፣ አለ በሆዱ። ደሙ ፈላ።

«እናትሽ የማይሰሙትን እኔም አልሰማም። የምትይው ካለ እዚሁ፣ ፊታቸው ተናገሪ።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። እናቷን አየች። እናትየው ምን ልትል ይሆን ብለው በጉጉት ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

«እሷ ፊት አልችልም» አለች።

«አላልኩዎትም?» አለ ሬዲዮ።

ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራው ነበር። ተቀበላትና በረንዳውን ከፍቶ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ወጣ። ወለሉን መታ፤ ድምፁ ድፍን ነው። ስንጥቅ ፈለገ፤ አላገኘም። የመከለያውን ብረት ወዘወዘ፤ ንቅንቅ አላለም።

«ዝሆን ቢደገፈው የሚፈራ በረንዳ አይደለም» አለ ሣጥኑን እዚያው ትቶ ሲመለስ። «በሕንፃው ውስጥ እንደዚህ የሚያስተማምን አላየሁም።»

ልጅቷ እግሩ ላይ ወደቀች። «አደገኛ ነው ይበሉልኝ! እርስዎ ካሸጉት ትቀበላለች። የእኔን ቃል አትሰማም፤ እኔንማ...» ቀሪውን ዋጠችው።

«ውሸት አልጽፍም» አላት እጇን ከሱሪው እያላቀቀ። «ሰው ደግሞ በገዛ ቤቱ አይታሰርም።»

ቁልፉንም በእናትየው መዳፍ ላይ አኖረው። አሮጊቷ ሁለት እጁን ይዘው ሳሙት። «እድሜ ይስጥህ፤ አንተ የወላድ አንጀት የገባህ ነህ።» ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ወለሉ ላይ ቀረች። ሬዲዮ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ለማድረስ ደረጃውን ወረደ።

ተቆጣጣሪው ሳሎኑ መሀል ቆሞ፣ «ያስተማምናል» ብሎ ጻፈ። ደስ ብሎታል። ስንት ዓመት ሙሉ ብረትና ሲሚንቶ ሲፈትሽ ኖሮ፣ ዛሬ ገና ለሰው የደረሰ መሰለው።

ከበረንዳው የብረት ኮሽታ ሰማና ቀና አለ።

አሮጊቷ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቆመው፣ አንድ እግራቸውን ከመከለያው ማዶ አሻግረዋል።

ልጅቷ እንዴት ተነሥታ እንደቀደመችው አላወቀም። እሷ ክንዳቸውን፣ እሱ ወገባቸውን ያዙ። ከታች፣ አስፋልቱ ላይ፣ መኪኖች እንደ ክብሪት ቀፎ አንሰው ይታያሉ። ሦስቱም ተያይዘው ወደ ኋላ ወደቁ።

«ምነው ልጆቼ፣ ልቀቁኝ እንጂ» አሉ አሮጊቷ፣ በዚያው በሚጣፍጥ አነጋገራቸው፤ «እናቴ እኮ ከጓሮ እየጠራችኝ ነው።»