የማን እጅ ነው የሰፋው

ልጇ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ወደ ጀልባዋ ያሻግራታል። እግሯ ወለሉን ሲረግጥ ጀልባዋ ወዝወዝ ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የዚችን ጀልባ የነፋስ ሸራ ስትሰፋና ስትጥፍ ኖራ ስትሳፈርባት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ስንት ጊዜ ለምኗታል። ውሃ ከሩቅ ይበቃኛል እያለች ትመልሰው ነበር።

ልጇ ጀልባዋ የታሰረችበትን ገመድ በአንድ እጁ ሳብ አድርጎ ይፈታዋል። አባቱ ያሰረው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሲታገል ነበር። ያ ሰው የሚያውቀው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ በመሐል የሚሾልክ ድቡልቡል ቋጠሮ። ጀልባዋንም፣ የዱቄቱንም ጆንያ፣ የልብስ ማስጫውንም ገመድ በእሱ ያስር ነበር። የልጁን ጫማ ሳይቀር።

"በመቀስ ነበር የምትቆርጪልኝ" ይላታል ልጇ፣ የምታስበውን ያወቀ ይመስል።

ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ከፍለው የመጡት ተሳፋሪዎች አራት ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ አዲስ ሙሽራ ነገር፣ ቀና ብሎ ሸራውን ያይና ካፒቴኑን፣ ልጇን፣ ይሄ ሸራ ነው ወይስ የአልጋ ልብስ ብሎ ይጠይቀዋል። ሁሉም ይስቃሉ። ልጇ ትንሽ አፈር ብሎ፣ የዛሬው የመጨረሻው ምሽት እንደሆነ፣ ነገ ከፋብሪካ የመጣው አዲሱ እንደሚሰቀል ይነግራቸዋል። እሷም አብራ ትስቃለች። እውነቱን ነው፤ እራፊ በእራፊ ነው።

ለነገሩ እሷ የመጣችው ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት አይደለም። የመጣችው አንዲት እራፊ ለማየት ነው። ነገ ሸራው ከተቀየረ ማን እንደሰፋት ሳታውቅ ልትቀር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርጭቆ ላይ፣ ከዚያ መርፌ ላይ። ስፌቷ እየላላ ሲሄድ ባሏ አንድም ቀን ክፉ አልተናገራትም፤ ሸራውን ወደ ቤት ማምጣት ብቻ ተወ። አልተቀደደም እንዴ ስትለው ደህና ነው ይላታል። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጀልባዋ በሩቁ ስታልፍ አየቻት፤ በሸራው መሐል እሷ የማታውቃት አዲስ ነጭ እራፊ አለች። ሌላ ሴት ሰፊ ይዟል ማለት ነው። ደግሞ ተደብቆ።

ሆዷ ሻከረ። አልጠየቀችውም። ራቱን ታቀርብለታለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ስምንት ወር እንዲህ ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ ልቡ ቀጥ ብላ ሞተ። ኩርፊያዋ እጇ ላይ ቀረ።

ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን የመብራት ማማ ሲዞሩ ልጇ ሁሉም አንገቱን ዝቅ እንዲያደርግ ይነግራቸዋል። ሸራው በራሳቸው ላይ ተሻግሮ በእሷና በጀምበሯ መካከል ይቆማል። ተሳፋሪዎቹ ወደ ከተማው ዞረው ፎቶ ይነሳሉ። እሷ ብቻ ሸራውን ታያለች።

ብርሃኑ ሸራውን ዘልቆት ስፌቱ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። ያቺ ረጅሟ እራፊ ልጇን አርግዛ የሰፋቻት ናት። ከሥሯ ያለችው አንድ ክረምት አውሎ ነፋስ ሸራውን ቀዶ የጣለባት ሥራ ናት። ክሩን ስትጨርስ መርፌውን ሦስቴ ወደ ኋላ መመለስ የእሷ መንገድ ነው፤ ሰፊ ሁሉ ክሩን የሚጨርስበት የራሱ መንገድ አለው። ወደ አዲሷ እራፊ ዓይኗን ታነሳለች። የዚያችን ሴት መንገድ ካየች ማንነቷን ታውቃለች።

ስፌቱ ግን የሰፊ አይደለም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ መስመሩን ስቶ እየወጣ፣ ፊደል እንደጀመረ ልጅ ጽሑፍ የተንጋደደ ነው። በአራቱም ማዕዘን ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዞሮ በመሐል የሾለከ ድቡልቡል ቋጠሮ አለ። በጨርቁ ዳር ዳር ነጠብጣብ ይታያታል፤ ቡናማ፣ የደረቀ።

ያኔ ጣቶቹ ትዝ ይሏታል። በዚያ ሰሞን በየጣቱ ፕላስተር ለጥፎ ይገባ ነበር። ሳትጠይቀው "ገመድ ነው" ይላል። ገመድ ይልጣል እንጂ አይወጋም፤ ይህን እሷ ታውቅ ነበር። ግን አኩርፋ ነበርና ምን አገባኝ ብላ ሳህኑን አስቀምጣለት ሄደች። እጅሽ ደከመ ማለት ከብዶት፣ ሥራዋን ለሌላ መስጠትም ከብዶት፣ ያን ጠንካራ ሸራ በዚያ በሻካራ ጣቱ ሲወጋ ከርሟል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።

ወደቡ ሲደርሱ መሽቷል። ተሳፋሪዎቹ አመስግነው ይወርዳሉ። ልጇ ሸራውን ሲያወርደው እጥፋቱ ጉልበቷ ላይ ይከመራል፤ እሷም በዳበሳ ያቺን እራፊ ትፈልጋታለች። ልጇ አጎንብሶ ያያታል።

"ይሄን ደግሞ ማነው እንዲህ አበላሽቶ የሰፋው?"

"አባትህ ነው።"

ከቋጠሮው ሥር አንድ ስንዝር ክር ሳይቆረጥ ተንጠልጥሏል፤ ትርፍ ክር እንደሚቆረጥ ለባሏ የነገረው የለም። እጇ በልማድ ወደ ቦርሳዋ፣ ወደ መቀሱ ይሄዳል። ከዚያ ትተወዋለች። ክሩን በሚንቀጠቀጠው ጣቷ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ እስኪያልቅ።