ስክሪፕቱ የጣላቸው ሠላሳ አንድ ሴቶች

«ኻልቲ... አክስቴ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለችው አንድ ሀጀራ ሙሐመድ ብቻ ናት... እሷም ትናንት ታክማ ሄዳለች።»

«እሷማ የቡሪዋ ሀጀራ ናት! እኔ የአርካዊቷ ነኝ።»

«ሲስተሙ ቡሪ፣ አርካዊት የሚባል ሠፈር አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ያውቃል?»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ... ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሂሻም ግን አልሳቀም።

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሠፈር። አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ።

የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለሦስት ቀን መጥተዋል። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።

ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ አይገባም።

ሀጀራ ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች የወሎ ሴት ናት። አሁን ዓለም ለእሷ ወተት የተደፋበት ውኃ ሆኗል... ሰው ሲመጣ ጥላ፣ ሲሄድም ጥላ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ረሺዳ የምትባል በጎ ፈቃደኛ የ412 ሴቶችን ስም ኤክሴል ላይ መዝግባ አገሯ ገባች።

ሂሻም ደግሞ ያንን ፋይል ወደ ክሊኒኩ ዳታቤዝ የሚያስገባ አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕት፣ ጻፈ።

አንድ ደንብ ሰጠው... «ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክና የልደት ቀን ከተመሳሰሉ ሰዉ አንድ ነው። የተደገመውን ጣል።»

ስክሪፕት ስም አይቶ አይደነግጥም። ያወዳድራል፣ ይጥላል።

በአራት ሰከንድ ሠላሳ አንድ ረድፍ ጣለ።

ሂሻም «ጸዳ!» ብሎ ሻዩን ጠጣ።

ግን እነዚህ ሴቶች የተወለዱበትን ቀን አያውቁም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሲያወጡ ጸሐፊው ዓመቱን በግምት፣ ቀኑን ሁሌም ጃንዋሪ አንድ አድርጎ ይሞላላቸዋል። ስልክ የሌላቸው፣ ወይም ስልካቸውን መስጠት ያልፈለጉ ደግሞ የረሺዳን ቁጥር ሰጥተዋል።

ታዲያ አንዷ ሀጀራ ከሌላዋ በምን ትለያለች?

በሠፈሯ።

ረሺዳም ይህንን አልረሳችም። ስሙን በዓረብኛ፣ ሠፈሩን መጨረሻ ዓምድ ላይ... በአማርኛ ጽፋው ነበር።

ሂሻም እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ሱዳናዊ ነው። አማርኛ ይናገራል። ፊደሉን ግን አያውቀውም።

ያንን ዓምድ ዘለለው።

ሀጀራ ሂጂ ስትባል አልሄደችም። ከጠረጴዛው አጠገብ ወንበር በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ ያ ወለዲ... ልጄ፣ የማን ነህ?»

«የሉጥፊያ።»

«የሳሃፋዋ ሉጥፊያ?»

«አዎ... ታውቂያታለሽ?»

ሀጀራ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

«ከትናንት በስቲያ በሩ ላይ አጠገቤ ቆማ ነበር። እሷንም ዘበኞቹ ስምሽ የለም ብለው መለሷት።»

«እናቴ? እናቴ ዓይኗን አያማትም!»

«ሻይ ስትቀዳልህ ኩባያው መሙላቱን በጣቷ አይደል የምታውቀው?»

ሂሻም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

የረሺዳን ፋይል ከፈተ። ሦስት ሉጥፊያ ዓሊ። ሦስቱም በአንድ ዓመት፣ ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ፤ ስልካቸውም የረሺዳ። ዳታቤዙ ውስጥ የገባችው አንዷ ብቻ...

የመጨረሻው ዓምድ ላይ ግን በሦስቱም ረድፍ የተለያየ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። የረሺዳ ስልክ ዝግ ነው።

«ኻልቲ... አማርኛ ታነቢያለሽ?»

«ወረባቦ እያለሁ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ። ግን በየትኛው ዓይኔ?»

ሂሻም እጇን ያዘ። ስክሪኑን እያየ፣ የአንዷን ሉጥፊያ ፊደሎች ቅርጽ በጣቱ መዳፏ ላይ ሣለ... አንድ... ሌላ...

የሚያየው አያነብም። የምታነበው አታይም።

ማራገቢያው በቀስታ ይዞራል። ውጭ የረክሻዎቹ፣ የባጃጆቹ፣ ጩኸት ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ራቀ...

ሀጀራ ዓይኗን ጨፍና ፊደል በፊደል ትጠራለች።

«የ... ሳ... ሃ... ፋ... ዋ።»

«ሌላም አለው... ቆይ፣ ቀጥዪ።»

«ልጇ... እንዳይሰማ።»

ጣቱ መዳፏ ላይ ቀረ።

«አብሽር ልጄ፣ አይዞህ» አለችው።

ሂሻም ወደ ስክሪፕቱ ተመለሰ። ዳታቤዙ ላይ ለዚያ ዓምድ ቦታ አበጀለት። ሠፈሩም ካልተመሳሰለ እንዳይጥል ደንቡን ቀየረው። እንደገና አስኬደው።

412 ተነበበ። 412 ገባ።

በዚያው ቅጽበት ነርሷ ነሕላ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች።

«ሂሻም! ሐኪሞቹ ጊዜ ያላቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ከአራት ወር በኋላ... ኻላስ፣ አበቃ!»

ሂሻም እናቱ ጋ ደወለ።

«ዩማ! አሁኑኑ ረክሻ ያዢና ነይ! ስምሽን የሰረዝኩት እኔ ነኝ... አስተካክዬዋለሁ፣ አንድ ቦታ አለ!»

«ማነው አጠገብህ ያለው?»

«የአርካዊቷ ሀጀራ።»

«እሷ ትግባ።»

«እናቴ ነሽ እኮ! ደግሞ ለምን ደበቅሽኝ? እንዳላዝን ብለሽ ነው?»

ሉጥፊያ ሳቀች።

«ምን ታዝናለህ! ዝርዝሩን የምትይዘው አንተ መሆንህን ስሰማ ፈራሁ እንጂ። ብታውቅ ከሁሉም ፊት ታስቀምጠኝ ነበር። በልጄ ዋስጣ፣ በዘመድ አዝማድ፣ የሰው ተራ አልቀማም ብዬ ነው... አንተ ግን ወላሂ፣ ጭራሽ ጠራርገህ አወጣኸኝ!»

ሂሻም ዞሮ ሀጀራን አያት።

«ሰማኸኝ? ሴትዮዋ ትግባ። እኔን አራት ወር እጄን ይዘህ ታወጣኛለህ፣ ታስገባኛለህ። እሷ ማን አላት?»

ሀጀራ ከወንበሯ ላይ ሁሉንም ሰምታለች። ልትከራከር አፏን ከፈተች...

ሂሻም ግን ክንዷን ደግፎ አስነሣት፤ ነሕላ ወደቆመችበት በር እርምጃ በእርምጃ ወሰዳት።

ትምህርቱ...

ማሽን ያዘዙትን ይሠራል፤ ጥፋቱ ያዘዘው ሰው ነው። ማንበብ ያልቻልከውን ባዶ ነው ብለህ አትዝለል። ሁለት ሰዎች በስም፣ በአባት ስምና በልደት ቀን ተመሳሰሉ ማለት አንደኛው ትርፍ ነው ማለት አይደለም።

እስቲ እናንተ ንገሩን...

በሂሻም ቦታ ብትሆኑ የእናታችሁን ቃል ትሰሙ ነበር? ወይስ ስልኩን ዘግታችሁ፣ ረክሻ ይዛችሁ ልታመጧት ትሮጡ ነበር?

ከልባችሁ ጻፉልን 👇