የሃና ካልሲ

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ቆንጂት ከኋላ ወንበር፣ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው።

አለሙ ከፊት ወንበር ስፒከሩን ያያል። የጋሼ ጀማነህ ቶዮታ ሞርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ይዞታል። ከስፒከሩ ደግሞ እንግሊዛዊው አንባቢ ሳይቸኩል፣ ሻይ እየጠጣ እንደሚያወራ ሰውዬ፣ ሃናን እየገደላት ነው።

ጋሼ ጀማነህ በስድሳ ዓመታቸው ኮሌጅ ገብተው በዙም ይማራሉ። ለክላሳቸው ያዘዟቸውን የድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ጠዋት ጠዋት ወደሚሠሩበት የዕቃ መጋዘን፣ ወደ ዌርሃውስ፣ ሲነዱ ይሰሙታል። አብረዋቸው የሚሠሩትን እትዬ ቆንጂትንና አለሙን በመኪናቸው ራይድ ስለሚሰጧቸው፣ ሦስቱም ይሰሙታል። እትዬ እንግሊዝኛው አይገባቸውም። ትርጉሙ የአለሙ ሥራ ነው። እሱም ከትምህርት ቤት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ የተለያየ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛውን የለቀመው ከፊልምና ከሱፐርቫይዘር ጋር ከመጨቃጨቅ ነው።

የመጀመሪያ ቀን «ምንድነው የሚያወራው?» ሲሉት ሰይጣኑ መጣበት። «ዜና ነው እትዬ። እንግሊዝ አገር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ያሠሯታል። ሃና ትባላለች።» ጋሼ ጀማነህ በጎን አዩት፤ ሳቃቸውን ዋጡና መንዳታቸውን ቀጠሉ።

አንድ ቀን ስቆ ሊተወው ነበር። እሁድ ሲደርስ ግን እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሃናን ስም ለጸሎት ሰጡ። ሰኞ ቀይ ክር ይዘው መጡ። «ብርድ ነው ብለኸኝ የለ» ብለው በኪሮሽ ካልሲ ጀመሩላት። አንዱን ጨርሰዋል፤ ሁለተኛው ተረከዙ ላይ ደርሷል። «አድራሻዋን ከዜናዎቹ ጠይቅልኝ» ይሉታል በየቀኑ። እሱም «ኢሜል አድርጌላቸዋለሁ» ይላቸዋል በየቀኑ።

እና ዛሬ ልጅቷ ሞተች። የጥጡ ብናኝ ሳንባዋን ሞልቶት፣ ማሽኑ ሥር ተኝታ። ወንበሯ ሳይቀዘቅዝ የፋብሪካው ፎርማን ሌላ ልጅ አስቀመጠበት።

«ምን አለ አልኩህ እኮ።»

«ተሻላት እትዬ» አለ አለሙ ወደ መስኮቱ ዞሮ። «ፎርማኑም ይቅርታ ጠየቃት። ትምህርት ቤት ልትገባ ነው።»

ጋሼ ጀማነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ድምፁን አጠፉት።

«ተሻላት?»

«በጣም።»

«አንተ ቀጣፊ። መርዶ በየትኛውም ቋንቋ ቢያረዱኝ ይገባኛል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አለሙ ሁለት ብሎክ ያህል ታገሠና አልቻለም። «ዜና አይደለም እትዬ። መጽሐፍ ነው። ሰውዬው ከጭንቅላቱ ያወጣው ነው፣ ያውም ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት። ሃና የምትባል ልጅ የለችም።» ጆሮውን እንዲቆነጥጡት ጠበቀ። ቢቆነጥጡት ደስ ባለው።

«ሃና ባትኖርም እንደሷ ያሉ ነበሩ» አሉ ጋሼ ጀማነህ ቶሎ ብለው። «አስተማሪዋ እንደነገረችን ፋብሪካው ያለው የእንግሊዝ ሀብታሞቹ ሰፈር ነው፤ ልጆቹን ግን አያዩአቸውም ነበር። እሳት ዳር ቁጭ ብለው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያነቡ ነው አሉ ያፈሩት።»

እትዬ ቆንጂት አልተቆጡም። ኪሮሹን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ጉድጓዱስ?»

«የቱ ጉድጓድ?» አለ አለሙ።

«ሮብ ለት የነገርከኝ ነዋ። እግሯን ጉድጓድ ውስጥ ከታ ስትሸምን፣ እርጥበቱ ጉልበቷን ሲበላት። መወርወሪያው ሲያመልጣት ጣቷን በዘንግ ሲሏት።»

«ኧረ ጉድጓድ የለበትም» አሉ ጋሼ ጀማነህ። «በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን እኮ…» አሉና አለሙን አይተው ቀሪውን ተዉት።

አለሙ ቀልድ ፈለገ። እጁ ግን ሳያዝዘው ጉልበቱን ያሻል።

«እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት» አሉ እትዬ። «ጓሯችን ሸማኔ ቤት ነበር። የሚሸምኑ ልጆች ነበሩበት፣ ከሩቅ የመጡ። የሠርጌን ጥበብ እነሱ ናቸው የሠሩልኝ። አንድ ቀን ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።»

መኪናው ዌርሃውሱ ፓርኪንግ ገብቶ ቆመ። ሥራ ሊገባ ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ማንም አልወረደም።

«ስንት ዓመትህ ነበር?» አሉት እትዬ።

«እንጃ። ዘጠኝ መሰለኝ። የዘመድ ዘመድ ነኝ ያለ ሰውዬ፣ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ ብሎ ከእናቴ ወሰደኝ» አለ። «አስገባኝ ደግሞ። ጉድጓድ።»

ጋሼ ጀማነህ ሞተሩን አጥፍተው መሪውን እንደያዙ ቀሩ።

«ክርስትና ስምህን ማን ልበል?» አሉ እትዬ።

«ለምን?»

«ንገረኝ ብዬሃለሁ።»

«ወልደ ሚካኤል።»

ሁለት ጊዜ ለራሳቸው አሉት፣ እንዳይጠፋቸው። ከዚያ «ጫማህን አውልቅ» አሉት።

«እትዬ፣ ሥራ ሊረፍድብን ነው።»

«አውልቅ።»

ብረት አፍ ያለውን የሥራ ጫማ አወለቀና እግሩን በሁለቱ ወንበሮች መሃል አሳልፎ ወደ ኋላ ዘረጋው። ትልቅ እግር ነው። የራሱ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እትዬ የጨረሱትን ትንሿን ቀይ ካልሲ አንስተው ከተረከዙ ጀምረው ውስጥ እግሩ ላይ ለኳት። መሃሉ ላይ አለቀች።

«ቀይ እኮ አልወድም» አለ አለሙ።

«ዝም በል። አታንቀሳቅሰው፣ ልክህን ልያዝ።»

የክሩን ጫፍ ፈልገው አገኙና ሳብ አደረጉት። ትንሿ ካልሲ ዙር በዙር እየተፈታች፣ ሞቅ ያለው ቀይ ክር እግሩ ላይ ይከመር ጀመር።