ከላሞቹ ጋር የቀረ ቃል

በረዶው የሸለቆውን መንገድ ሲዘጋው፣ ሙሪየል ሃክስቢን ከምትፈልገው ቃል የለያት አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ቃሉ «ፍሬም» ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ፍሬም ሲባል ሰው የሚያስበው ፎቶ የሚገባበትን እንጨት ነው። ከዚያ በፊት የሰው አካል ማለት ነበር፤ ከዚያም በፊት የቤት ምሰሶና ማገር። ሙሪየል ግን ከሁሉም ሥር ሌላ ትርጉም እንዳለ አሮጌ ብራና ላይ አንብባለች፦ መራመድ፣ ወደ ፊት መሄድ። መሄድ ማለት የነበረ ቃል በሺህ ዓመት ውስጥ የሚከብብ ነገር ስም ሆኖ ቀረ። እሷ ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ተራሮች ዛሬም በመጀመሪያ ትርጉሙ የሚናገረው ሰው አለ ብላ የመመረቂያ ጽሑፏን በሙሉ በዚያ ላይ አቆመች።

ፕሮፌሰሯ ሳቁባት። «ብራና አይበቃኝም። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ አንድ አፍ አምጪልኝ። እስከ ፋሲካ ካላመጣሽ አባትሽ ሱቅ ገብተሽ ጨርቅ ትለኪያለሽ።»

ሱቁን ታውቀዋለች። አባቷ ሴት ልጁ ከገባች በኋላ ከውስጥ የሚቆልፍ ሰው ነው።

የሥራው ሕግም አያፈናፍንም። ጠያቂዋ ቃሉን ከራሷ አፍ ካወጣችው ተበላሸ፤ ሰው ለደግነቱ ሲል ይደግምላታል። ስለዚህ ከመንደር መንደር እየዞረች «ላም በር ላይ ተገትራ አላልፍ ብትል ምን ይሏታል?» ስትል ከረመች። ሽማግሌዎቹ ከሬዲዮ የለመዱትን ይመልሱላታል። አንዱማ «እመቤት ሆይ፣ ቢያልፉልኝ እላታለሁ» ብሎ መጠጥ ቤቱን ሙሉ አሳቀባት።

በረዶው ሙሪየልን የያዛት ታቢታ አልደርሰን ቤት ሻይ ልትጠጣ ገብታ ነው። ታቢታ ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ እንግዳ የማትወድ ሴት ናት። ባል የላትም። ከወንድሟ ከኤሞስ ጋር ትኖራለች፤ ኤሞስ ግን ከፊተኛው ጦርነት ወዲህ ሰው አያናግርም።

«እሱን ተይው» አለች ታቢታ። «ጦርነቱ ነው እንዲህ አድርጎ የሰጠኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ማዶ፣ ከላሞቹ በረት፣ ድምፅ መጣ።

«ፍሬም! ፍሬም በይ እንጂ፣ አንቺ ከርፋፋ! እዚሁ ቆመሽ ልታረጂ ነው?»

ሙሪየል ሲኒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ማነው?»

«ማንም።»

«ሰው ሲናገር ሰማሁ፣ ሚስ አልደርሰን።»

«ላም ናት።»

«ላም ከርፋፋ ብላ አትሳደብም።»

«የኛ ትሳደባለች። እንጀራ አባቷ ባለጌ ነበር። ሻይሽን ጠጪ።»

ሙሪየል ያን ጊዜ ነው የበረቱን በር ልብ ብላ ያየችው። መወርወሪያው በወጥ ቤቱ በኩል ነው። በረት ውስጥ ያለ ሰው ከፍቶ ሊወጣ አይችልም።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ፖሊስ በረዶውን በአካፋ እየጠረገ መጥቶ አንኳኳ። ታቢታ መጀመሪያ መወርወሪያውን ዘጋች፤ ከዚያ ለሰውየው ከፈተችለት።

«በሕይወት አላችሁ? ኤሞስስ?»

«ተኝቷል።»

አልተኛም። ሲያልብ ይሰማል።

ፖሊሱ መንገዱ ገና እንዳልተከፈተ ነግሯቸው ሄደ። ሙሪየል ታቢታን ለምን እንዳላገባች ጠየቀቻት።

«ማን ሊያገባኝ? ምን ይዤ? አባቴ እርሻውን ያወረሰው ለኤሞስ ነው። ኤሞስ ከሌለ ሁሉም ለአጎቴ ልጆች ይሄዳል፤ እኔም ሜዳ ላይ ነኝ።»

ሙሪየል ገባት። እርሻ ለማቆየት ሲባል ወንድም እንደ ከብት ታስሯል። የአባቷ ሱቅ ትዝ አላትና ደሟ ፈላ።

ታቢታ በበረዶ የተቀበሩ በጎቿን ልታወጣ ስትሄድ፣ ሙሪየል መወርወሪያውን ሳበችው።

ኤሞስ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ላም ሥር ተቀምጧል። አልደነገጠም።

«ማምለጥ ይፈልጋሉ?» አለችው በሹክሹክታ።

ሳቀ። «ወዴት?»

አጠገቡ ተንበርክካ መጠየቅ ጀመረች። ባልዲውን፣ ግርግሙን፣ የላሟን ጡት እያሳየች። «እዚህ እንዲህ ነው የሚባለው» እያለ አንድ በአንድ መለሰላት። እያንዳንዱ መልስ ሌላ ቦታ ከሰማችው ሁሉ ያረጀና የጠራ ነው። ስለ ልጆች ጨዋታ ስትጠይቀው ብቻ «እሱን አላውቅም» አለ። ብዙ ቢታሰር ነው ብላ አዘነችለት።

«ይህችስ ላም አልሄድም ብትል?»

«ፍሬም እላታለኋ። ተራመጂ፣ ወደ ፊት በይ ማለት ነው። ሰነፍ ሰውም እንዲሁ ይባላል።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ሽማግሌው አልደርሰን። ስሠራ ቀኑን ሙሉ ይጮህብኝ ነበር።»

አባቱን አባቴ እንኳን አላለውም። ሙሪየል እንባዋ መጣ። «ከኔ ጋር ከተማ ይሄዳሉ። እህትዎ ሊቆልፉብዎት መብት የላቸውም።»

«መወርወሪያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

ታቢታ በሩ ላይ ቆማለች፤ በረዶው ከትከሻዋ አልረገፈም።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከላም ጋር አወራሁ። ይብቃኝ፣ ታቢ።»

«ዝም በል ብዬሃለሁ!» ድምጿ የቁጣ አልነበረም። ይንቀጠቀጣል።

ሙሪየል በሁለቱ መካከል ገብታ ቆመች። «አይፍሯቸው። አንድ ጥያቄ ነው የቀረኝ፤ እሱም ለደንቡ ያህል ነው። የት ተወለዱ?»

ሰውየው ታቢታን አየ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሪየልን ፊት ለፊት አያት።

«እውነተኛው ኤሞስ ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ እኔ የመጣሁት ምርኮኛ ሆኜ ነው። የተወለድኩት ጀርመን አገር፣ ሃምቡርግ።»