መምህርት ኤደን ደርቃ ስትቀር

መምህርት ኤደን አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች። ድምፅ የለ፣ እንቅስቃሴ የለ። ከወልድያ ሆና በኢንተርኔት የምታስተምራቸው የውርጌሳ እናቶችና አባቶች ግን ንቅንቅ አላሉም። አስተማሪ ንግግሯን ሳትጨርስ ማን ደፍሮ ይተነፍሳል? አቤት ጨዋነት!

ከመሀላቸው ባይነሽ ግን ኔትወርኩ መሄዱ ገብቷታል። ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጥቶ ከኋላ የተቀመጠው አስፋው ሰዓቱን ደጋግሞ ማየቱም አላመለጣትም። የጎልማሶች ትምህርቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ዛሬ አይቶ የሚወስነው እሱ ነው። ሲገባ «ደግሞ ሽማግሌ በስክሪን ይማራል?» ብሎ ሲያጉረመርም ሰምታዋለች። ይህ ትምህርት ከቀረ፣ በጣቷ ስትፈርም እንደኖረች በጣቷ ፈርማ መሞቷ ነው።

አስፋው ተነሳ። «በሉ እናቶች፣ አባቶች፣ ይበቃናል። እንግዲህ ኔትወርኩ እምቢ ካለ ምን ይደረጋል?»

«ኧረ ቆይ!» ባይነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ብድግ አለች።

የማሽላ ማሳውን ቪዲዮ አይተው ጨርሰው ገና ሊያነቡ ሲሉ ነበር ኤደን የደረቀችው። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ከኤደን ፊት አጠገብ እንዳለ ተቀምጧል። ባይነሽ ወደ ስክሪኑ ሄዳ ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳረፈች።

«ማ... ሽ... ላ...» ላብ አጠመቃት።

«አይዞሽ እቴ፣ በርቺ!» አለቻት ጎረቤቷ።

«ማሽላችን... አፈራ!»

«ማሽላችን አፈራ!» ብሎ ተቀበላት ክፍሉ።

አስፋው ጠጋ አለ። «በቃልዎ ይዘውት እንዳይሆን እማማ?» ከሁለተኛው መስመር አንድ ቃል በጣቱ ነካ። «ይሄስ?»

ባይነሽ ቃሉ ላይ አፈጠጠች።

«ወ... ፍ። ወፍ! ወፍ እንጠብቃለን ነው የሚለው፤ ያውልህ ልጄ!»

እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው። ባይነሽ በደስታ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ጣቷን ግን ከፊደሉ ላይ አላነሳችም። ሽማግሌው ንጉሴ እንኳ «ወፍ እንጠብቃለን!» እያሉ በከዘራቸው ወለሉን ደበደቡት።

በዚህ መሀል ኔትወርኩ ተመለሰ።

«ሄሎ? ትሰሙኛላችሁ? ሄሎ?» አለች ኤደን።

አስፋው ወደ ስክሪኑ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«አንዴ ይታገሱን መምህርት፤ ትምህርት ላይ ነን።»

ባይነሽ ዞራም አላየች። ሦስተኛውን መስመር ጀምራለች።